ከበሩ ውጭ የቆሙትና ከበሩ ውስጥ ያለነው

የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለኑሮው ያስገዛውና ራሱንም ከእንስሳት ዓለም ለይቶ ያቆመው በሥራው መሆኑ ደጋግሞ የተነገረ ቁም ነገር ነው። ደጋግሞ በመነገሩ ግን ትርጉሙን በሚገባ ጨብጠነዋል ለማለት አያስደፍርም። ሥራ ሰው ሰውነቱን የሚያስመሰክርበት መድረክ ከሆነ፣ መሥራት የሚችልና ለመሥራት የተዘጋጀ ዜጋ በችሎታው ሳይመዘን በጾታው፣ በዕድሜው፣ በአካሉ ሁኔታ፣ በአባቱ ስም ወይም ተያዥ በማጣቱ ከደጅ ሲመለስ የተነፈገው የወር ደመወዝ ብቻ አይደለም። ከኅብረተሰቡ የምርት እንቅስቃሴ ውጭ እንዲቆም ተፈርዶበታል። ፍርዱን የሰጠው ግን ዳኛ አይደለም፤ ክሱ አልተነበበለትም፤ ይግባኝ የሚልበትንም ችሎት አያውቅም።

በአዲስ አበባ፣ በአራት ኪሎ አካባቢ፣ ጋዜጣውን ሳይገዙ ለጥቂት ደቂቃ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ የብዙ ዓመት ምሩቃን የሚያውቁት ልማድ ነው። አንዱ ሲያነብ ሌላው በትከሻው ላይ አሻግሮ ይመለከታል። ዛሬ ማስታወቂያው በአብዛኛው ወደ እጅ ስልክ፣ ወደ ቴሌግራም ተሸጋግሯል፤ ማንበቢያው ተለወጠ እንጂ የማስታወቂያው ቋንቋ አልተለወጠም። ሰሞኑን ከእነዚህ ማስታወቂያዎች ጥቂቶቹን ሰብስበን በጥሞና ተመለከትን። የሥራው ዓይነትና ተፈላጊው ችሎታ በሁለት መስመር ያልቃል። ከዚያ በታች የሚዘረዘረው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ሰውዬው ነው። «ጾታ፦ ወንድ።» «ዕድሜ፦ ከ35 ዓመት ያልበለጠ።» «መልካም ቁመና ያላት።» «አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የሚችል።» የንብረት መዝገብ በወንድ እጅ ሲያዝ ለምን ይበልጥ እንደሚስተካከል ማስታወቂያው አይነግረንም። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት በሆነበት አገር የ40 ዓመት ሰው ገና 20 የሥራ ዓመታት እንደሚቀሩት ማንም ሒሳብ የሚያውቅ ይረዳዋል፤ ሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልገው ድርጅት ግን ይህን ሒሳብ አልሠራውም።

ልምድ መጠየቅ በራሱ ጥፋት ነው አንልም። ከባድ መኪና ለሚነዳ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ለሚዘረጋ፣ በሽተኛ ለሚያክም ሰው ልምድ የችሎታው አካል ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣውና አገራችን በ1966 ያጸደቀችው የ111ኛው ቁጥር ስምምነትም ሥራው በባሕርዩ የሚጠይቀውን መመዘኛ አድልዎ አይለውም። አድልዎ የሚሆነው መመዘኛው ከሥራው ባሕርይ ጋር ምንም ዝምድና ሳይኖረው ሲቀር ነው። ደብዳቤ ለሚመዘግብ ሠራተኛ አምስት ዓመት ልምድ ሲጠየቅ፣ ይኸው ልምድ ለአንዳንዱ አመልካች «ይቅር» ተብሎ ለሌላው እንደ ግንብ አጥር ሲቆም፣ ከጀርባው ሌላ ነገር እንዳለ መጠርጠር ክፉ አሳቢነት አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ለመመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ይህን ፈተና አልፎ የመጣ ወጣት ችሎታውን አንድ ጊዜ አስመስክሯል፤ በአሠሪው ደጅ የሚጠብቀው ግን የችሎታ ፈተና ሳይሆን የዝምድና ፈተና ነው።

ይህ በሽታ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ደጅ ጥናት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። በባላባታዊው ሥርዓት ሹመትም ሆነ እንጀራ ይገኝ የነበረው በጌታ ደጅ በመቆም፣ አማላጅ በመላክና እጅ መንሻ በማቅረብ ነበር። ደጅ ጠኚው የሚመዘነው ምን መሥራት እንደሚችል ተጠይቆ ሳይሆን የማን ወገን እንደሆነ ተመርምሮ ነው። ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ፣ ቅጥር በውድድር እንዲሆን ደንብ ከወጣ በኋላም የጌታው ደጅ ወደ ክፍል ኃላፊው ጽሕፈት ቤት ተዛወረ እንጂ አልፈረሰም። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታትም፣ ሳንሸፋፍን እንናገር ከተባለ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ የሌለው ሰው የቱንም ያህል ቢማር መንገዱ ጠባብ ነበር። ደብዳቤውን የሚጽፈው እጅ ቂም ያለው እንደሆነ ደግሞ መንገዱ ጨርሶ ይዘጋ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥም «የማን አባል ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከቅጥር ጠረጴዛ ላይ ተነሥቷል ብሎ በሙሉ ልብ የሚመሰክር ሠራተኛ አላጋጠመንም።

ከጽንሰ ሐሳብ ወደ ተጨባጩ እንለፍ። በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች አንዲት ወጣት ያጫወተችንን እንደነገረችን እናቀርባለን። የእርሷንም የድርጅቱንም ስም አንጠቅስም። ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ካመለከቱት መካከል በጽሑፍ ፈተናው ሁለተኛ ወጣች፤ የተፈለጉት ሠራተኞችም ሁለት ነበሩ። ለቃል ፈተና ስትቀርብ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቋት። ስለ ሒሳብ የቀረበላት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ በዕድሜ የገፉት ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ትዳር ይዘሻል?» አሏት። አልያዝኩም አለች። «እጮኛስ?» አለ ሁለተኛው። ዝም አለች። «ነገ አግብተሽ ብትወልጂ ሥራው እንዳይበደል ብለን ነው እንጂ ለክፋት አይደለም» ሲሉ ሽማግሌው በአባትነት ድምፅ አክለው ነገሯት። ከአሥር ቀን በኋላ ስትመለስ ቦታው በሌላ ሰው እንደተያዘ ከጥበቃው ሰማች። ከጥበቃው! መዝገብ ቤቱ እንኳ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልሰጣትም።

ሽማግሌው ፈታኝ ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህም ነው ነገሩን በግለሰብ ጠባይ ላይ ጥለን ማለፍ የማይገባን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ የሚሰጠውን ፈቃድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት አድርጎታል። ቀድሞ ጠቅላላው 90 ቀን ነበር። ይህ ለእናቶችና ለሕፃናት ትልቅ ድል ነው። ዳሩ ግን የፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍለው እያንዳንዱ አሠሪ ከራሱ ካዝና ነው። በማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓታችን ውስጥ ጡረታ አለ፣ የጉዳት ካሣ አለ፣ ለተተኪዎች የሚከፈል አበል አለ፤ የወሊድ ክፍያ ግን የለም። እናትነት ለመላው ኅብረተሰብ የሚሰጥ አገልግሎት ሆኖ ሳለ ወጪው በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ ትርፉን የሚያሰላው አሠሪ ሸክሙን የሚያራግፈው ገና ከበሩ፣ ሴቲቱን ባለመቅጠር ነው። በወረቀት ላይ የተገኘው መብት በበሩ ላይ መሰናክል ሆኖ ይጠብቃታል። ይኸው አዋጅ ሴቶች በቅጥርም ሆነ በክፍያ በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱም በ35ኛው አንቀጽ ይህንኑ ያረጋግጣል። ነገር ግን «እጮኛስ?» የሚለው ጥያቄ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ ያውቃል?

ወደ ተያዡ ጉዳይ እንምጣ። ገንዘብና ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ዋስ እንዲያቀርብ መጠየቁ ከጥንት የመጣ ጥንቃቄ ነው። አሁን ግን ጥያቄው ገንዘብ በእጁ ወደማይነካ ሠራተኛ ሁሉ፣ ወደ ጽዳትና ወደ ተላላኪነት ሳይቀር ወርዷል። ዋስ የሚሆነው ማን ነው? ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ፣ ወይም የቤት ካርታ የሚያስይዝ ሰው ነው። የባለ ቤቱ ልጅ አባቱን ይዞ ይመጣል። ከገጠር መጥቶ በጋራ በተከራዩት አንድ ክፍል የሚያድር የገበሬ ልጅ ማንን ይዞ ይምጣ? አባቱ ሰብል እንጂ ደመወዝ የለው። ጎረቤቱ የቀን ሠራተኛ ነው። ልጁ ታማኝ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ፣ ሀብታም ያውቃል አያውቅም የሚለው ተነሥቶ ጉዳዩ ይዘጋል። የመደብ ልዩነት እንዲህ ባለ ተራ በሚመስል መስመር ውስጥ ነው ተደብቆ የሚያልፈው።

እዚህ ላይ የቀበሌና የእድር አባላት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ውጤት የለውም። ብዙ ሰው «ያልታወቀ ዕዳ ላይ እወድቃለሁ» ብሎ ለጎረቤቱ ልጅ ዋስ ለመሆን ይፈራል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። መጠኑ በግልጽ ተጽፎ፣ ከሥራው ጠባይ ጋር ተመዛዝኖ ከሆነ ግን አንድ ጎረቤት ብቻውን የማይደፍረውን ሁለትና ሦስት ሆነው ይደፍሩታል። ለቀብርና ለሐዘን ድንኳን የሚተክል ኅብረት ለወጣት እንጀራም አንድ ነገር ሊመክር ይችላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የረቀቀው ማጣሪያ ደግሞ ስም ነው። አመልካቹ ፈተና ሳይቀመጥ፣ ድምፁ ሳይሰማ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ተነቦ ወገኑ ይገመታል፤ «የኛ ልጅ ነው» ወይም «አይደለም» ይባላል። ይህን የሚያደርግ ሰው እንዲህ አደርጋለሁ ብሎ ስለማያምን ማስረጃ ማቅረብ አስቸጋሪ ነው። በሌላ አገር ግን ማስረጃው በዘዴ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ማሪያን ቤርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በአሜሪካ፣ በቦስተንና በቺካጎ ከተሞች ለወጡ 1,300 ያህል የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የተፈበረኩ ማመልከቻዎች ላኩ። ስሙን የሰጡት በዕጣ ነበር፤ ከፊሉ ማመልከቻ ነጮች በብዛት የሚጠሩበት፣ ከፊሉ ጥቁሮች በብዛት የሚጠሩበት ስም ደረሰው። እንደ ኤሚሊ ያለ ስም የያዘው ማመልከቻ አሥር ጊዜ ተልኮ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ እንደ ላኪሻ ያለ ስም የያዘው አንድ ጥሪ ለማግኘት አሥራ አምስት ጊዜ መላክ ነበረበት። ውጤቱ በ2004 ታትሞ ወጣ። የነጻ ውድድር አገር ነኝ በሚለው ኅብረተሰብ ውስጥ ችሎታ ከስም ወዲያ ማዶ ቆሞ ቀርቷል። የእነርሱን ጉድ እያየን የምንስቅ ከሆነ ግን ተሳስተናል። በእኛስ አገር ይኸው ሙከራ ቢደረግ ውጤቱ ምን ይሆን ነበር?

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤችአይቪ፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰለው ልዩነት ማድረግን ከሕገ ወጥ ድርጊቶች ይቆጥረዋል። ችግሩ ከአንዲት ቃል ላይ ነው። አዋጁ «ሠራተኛ» የሚለው ከአሠሪው ጋር የሥራ ግንኙነት ያለውን ሰው ነው። አመልካች ገና ሠራተኛ አይደለም፤ በሩን አላለፈም። ስለዚህ ግፉ የሚፈጸምበት ቦታና የሕጉ ክንድ የሚደርስበት ቦታ በአንድ ግድግዳ ተለያይተዋል።

ከዚህ ግድግዳ ባሻገር ደፍሮ የተሻገረ አንድ አዋጅ አለን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የ1986ቱ አዋጅ ለአካል ጉዳተኞች ቦታ ለይቶ በማስቀመጥ ይረዳ ነበር። አዲሱ አዋጅ በመግቢያው ላይ ያ አሠራር አካል ጉዳተኛ በችሎታው ተወዳድሮ መሥራት አይችልም የሚል ስሜት እንዳሳደረ ይገልጻል። በምጽዋት ፋንታ መብት፣ በተለየ ወንበር ፋንታ እኩል ውድድር የሚለውን መርሕ አስቀመጠ። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች፣ አካል ጉዳተኛው እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጣም ቅድሚያ እንዲሰጠው አዘዘ። ከሁሉ የበለጠው ግን የማስረጃ ሸክም ድንጋጌው ነው። በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ክስ ሲመሠርት የማስረዳት ግዴታ የለበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ዝም ብሎ ማሰናበት ለአሠሪው መከታ መሆኑ በዚህ ቀረ። በቅጣቱ ላይ ግን አዋጁ ክንዱ ዝሏል፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ለአንድ ባንክ ወይም ለአንድ ፋብሪካ ከሻይ ወጪ የሚያልፍ አይደለም። ቢሆንም መንገዱ ተቀይሷል። ለአካል ጉዳተኛው የተሰጠው የማስረጃ ድንጋጌ ለሴቲቱ፣ ለአርባ ዓመቱ ሰው፣ ተያዥ ላጣው የገበሬ ልጅ ለምን እንደማይሰጥ የሚያስረዳ ምክንያት አላገኘንም። ቢያንስ ቢያንስ ፈተና ወስዶ ያልተቀጠረ ሰው ሁሉ ውጤቱንና ያልተመረጠበትን ምክንያት በጽሑፍ ይቀበል፤ በቃል የሚባረር ሰው በቃል ብቻ ያለቅሳል።

ሕግ እስኪሻሻል ግን ምን ይደረግ? እስካሁን የተናገርነው ስለ አሠሪው፣ ስለ ፈታኙ፣ ስለ ቢሮክራሲው ነው። አሁን ፊታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። ውጭ የቆመው አመልካች ድምፅ የለውም። ከውስጥ ያለው የተደራጀ ሠራተኛ ግን አለው። የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ የወል የሥራ ክርክር ብሎ ከዘረዘራቸው ጉዳዮች አንዱ የሠራተኞች አቀጣጠርና የዕድገት አሰጣጥ ሥርዓት ነው። ይህም ማለት የሠራተኛ ማኅበር የድርጅቱ የቅጥር ሥርዓት ልክ አይደለም ብሎ ወደ አስማሚ፣ ካልተስማሙም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊወስደው ይችላል ማለት ነው። ስንት ማኅበር ነው በደመወዝ ጭማሪና በሥራ ልብስ ጉዳይ የተከራከረውን ያህል ገና በሩን ስላላለፈው ሰው የተከራከረ? ያነጋገርናቸው ሠራተኞች አንድም ሊጠቅሱልን አልቻሉም።

ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ክፍት ቦታ ሲገኝ ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ወሬው የሚደርሰው ለእኛ ነው። የእህት ልጅ አለ፤ የአገር ቤት ሰው አለ፤ የክርስትና ልጅ አለ። ለክፍል ኃላፊው ሹክ እንላለን። ይህን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ዘመድ ወግ እንቆጥረዋለን፤ ያላደረገውንም «ለወገኑ የማይሆን» ብለን እናማዋለን። እኛ ይህን የምንጽፈውም ከጥፋቱ ነጽተን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቅርብ ዘመዳችን ልጇ ያመለከተበትን መሥሪያ ቤት ጠቅሳ «እስቲ አንድ ቃል ጣልልኝ» ስትለን ስልክ አንሥተን ደውለናል። ልጁ ተቀጠረ፤ ደህና ሠራተኛም ሆነ። በእርሱ ፋንታ የተመለሰው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ያን ዕለት ለመጠየቅም አልታሰበንም። ሂስ ለሌላው፣ ግለ ሂስ ለማንም የሆነ እንደሆነ ይህ ገጽ ባይጻፍ ይሻላል።

ይህን ጽሑፍ ከማጠናቀቃችን በፊት በአንድ ፋብሪካ የሚገኙ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር ዘንድ ሄደን በፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈውን የሰሞኑን የቅጥር ማስታወቂያ አብረን አነበብን። የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት ይፈለጋል፤ ጾታ ወንድ፤ ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ፤ ሁለት ተያዥ። አቀጣጠሩን ማኅበሩ ወደ ቦርድ ሊወስደው እንደሚችል ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እርስዎ እንዳሉት ነው እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፤ «ለእኔም የወንድሜ ልጅ በዚሁ በር ነው የገባው። ምን ብዬ እነሣለሁ?» ከዚያ የማኅበሩን ጸሐፊ ጠሩ። ወረቀቱ ከግድግዳው እንዳይቀደድ በጥንቃቄ ቆመው በእርሳስ «ጾታ» በሚለውና «ሁለት ተያዥ» በሚለው ሥር አሰመሩ። ለሐሙስ ስብሰባ ነጥቡን በአጀንዳ እንዲይዝም አዘዙት፤ ጸሐፊው «ስንተኛ ተራ ላይ?» ሲላቸው «ከሥራ ልብሱ በፊት» አሉት።